ጭጋግ ነው ያልኩት ፊልም

የእህቴ ልጅ ሕሊና ባለፈው እሑድ ዝናብ ይዟት እኔ ዘንድ ዋለች። አዲሱ ገበያ ያለችው ቤቴ ለዘመዶቼ ሁሉ መንገድ ላይ ስለሆነች ክረምት በመጣ ቁጥር እንግዳ አላጣም፤ ናፍቀውኝ ይምጡ ወይ ጣራ ፈልገው ይምጡ አልመረምርም። ምሳ በላን። የራሰ ጫማዋን እሳት ዳር አስጠጋሁላት። እሷ ኮምፒውተሯን ከፍታ ታጠና ጀመር፤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ነው የምትማረው። እኔ ምስር እለቅም ነበር።

"አክስቴ፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ራጅ ክፍል አይደል የሠራሽው? እስቲ ይቺን እዪ፤ ይሄም ራጅ ነው" አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት የሰው ደረትና የተሰበረ ክንድ ነው። እሷ ያሳየችኝ ግን ሰማይ ነበር። ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የግራው ደብዛዛ ነው፤ ወተት የፈሰሰበት ጨርቅ ይመስላል። የቀኙ ያው የሰማይ ክፍል ነው፤ ብዥታው ግን ጠፍቶ በምትኩ ነጠብጣብ ብቻ ሞልቶበታል። ሕሊና እንዳስረዳችኝ፣ በጋላክሲያችን ወገብ ላይ የተዘረጋ የራጅ ብርሃን አለ፤ ሊቃውንቱም ምንነቱን ለብዙ ዓመት ሲከራከሩበት ኖረዋል። ግማሾቹ የጋለ ስስ ጋዝ ነው አሉ። ሌሎቹ አይደለም፣ እጅግ ደካማ የሆኑ ብዙ ኮከቦች ናቸው፣ መሣሪያችን መለየት ስላልቻለ ነው እንደ ጉም የሚታዩን አሉ። በኋላ ዓይኑ የሰላ መሣሪያ ወደ ሕዋ ተላከ፤ አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ለብዙ ቀን ዓይኑን ተክሎ ቢያይ አብዛኛው ብዥታ እየተበተነ ኮከብ ሆኖ ተገኘ።

"ታዲያ ማን ረታ?" አልኳት።

"ኮከብ ነው ያሉት ናቸዋ! ምነው አክስቴ?"

"ምንም" አልኩና ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም፤ ቤተሰቤም ይህን ጠባዬን እያወቀ ድንጋይ ይለኛል። ነገር ግን አንድ ሰው በውርርድ እንደረታኝ ያወቅሁት ገና ያን ጊዜ ነበር። ሰውየው ከሞተ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

በሰባዎቹ አጋማሽ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ጉለሌ ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም ራጅ ክፍል ፊልም አጥብ ነበር። ጨለማ ክፍላችን የአንድ አልጋ ስፋት ቢኖረው ነው። አንድ ቀይ አምፖል፣ ሦስት ገንዳ፣ አንድ ቧንቧ ነበረው። የመጀመሪያው ገንዳ ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት፣ መካከለኛው ውሃ፣ የመጨረሻው ምስሉን የሚያጸናው መድኃኒት ነው። ይህ የመጨረሻው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሽታው ከፀጉሬ አልለቅ ብሎ እናቴ ወጥ ቤት እንዳልገባባት ትለምነኝ ነበር። በክረምት ደግሞ የቧንቧው ውሃ አጥንት ይሰብራል። እጅ እዚያ ውስጥ ሲቆይ መጀመሪያ ያማል፤ ትንሽ ቆይቶ ምንም አይሰማም። ሥራው የሚቀላጠፈው ምንም መሰማት ካቆመ በኋላ ነው።

ፊልም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የሚመጣልንም አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው ያለፈበት ነው። መድኃኒቱንም በውሃ እያቀጠንን ከሚገባው በላይ እንገለገልበታለን። በዚህ የተነሣ የምናወጣው ምስል ሁሉ ትንሽ ግራጫ ነበር፤ ይህን ግራጫነት እኛ "ጭጋግ" እንለዋለን። ሐኪሙ የሚመጣው ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ፊልሙን የሚያየው አቶ ግርማ የሚባል ጤና ረዳት ነበር፤ ደግ፣ ችኩል፣ ሁልጊዜ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚፈልግ ሰው። እርጥቡን ፊልም ወደ መስኮት ያነሣና በበሩ በኩል ይጮኻል፦ "ጽጌ! ይሄ ምንድን ነው?" እኔም ከውስጥ "ጭጋግ ነው! ፊልሙ ነው!" እላለሁ። እሱም "ደህና" ብሎ ይጽፋል። በቀን አሥር ጊዜ የምንባባለው ነገር ስለነበር አፌ ከዓይኔ ቀድሞ መመለስ ጀምሮ ነበር።

ታደሰን ያወቅሁት የተበላሸ ፊልም ፍለጋ መጥቶ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በጓሮ በኩል ብቅ አለ፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ የሸሚዙ እጅጌ ላይ የጥጥ ብናኝ ያለበት ልጅ።

"እህት፣ የተቃጠለ ፊልም ይኖርሻል? ጥቁር በጥቁር የሆነውን" አለኝ።

"ምን ልታደርገው?"

"ፀሐይን ላይበት።"

"ፀሐይን ምን ሆነች ብለህ?"

"ታማ እንደሆነ እንጃ፤ ፊቷ ላይ ነጠብጣብ አለ ይላሉ።"

ሳቄ መጣ፤ ፊልሙን ሰጠሁት። ታደሰ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ የጋሽ ወልዴ ልጅ ነበር። ማትሪክ ተፈትኖ ለጥቂት ነው ያመለጠው። ከዚያ ወዲህ ከአባቱ ጎን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ሲሸምን ይውላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ ያለ ቤተ መጻሕፍት ይሄድና የውጭ ሳይንስ መጽሔት እያነበበ ወደ አማርኛ መልሶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ማን እንዲያነብለት እንደሚጽፍ ጠይቄው "እንጃ፣ ክር በከንቱ እንዳይቀር ነዋ" ብሎኛል። ያለቀ ጋቢ ለአዲሱ ገበያ ነጋዴዎች ሊያስረክብ ሲመጣ በእኛ በኩል ማለፍ ልማዱ ሆነ። ከሕንፃው ጀርባ ባሕር ዛፍ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ እንቀመጥና ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች እያየን እንጨዋወታለን። በቆሎ ጠብሰው ከሚሸጡት አንድ ገዝቶ ይመጣል፤ ለሁለት ይሰብረውና ተለቅ ያለውን ለኔ ይሰጠኛል። ያስለው ነበር። ሸማኔ ሁሉ ያስለዋል፣ የጥጥ ብናኝ ነው፣ ብዬ አልፈዋለሁ። ከስቶም ነበር፤ በዚያ ዘመን ያልከሳ ማን ነበር?

እወደው ነበር። ያን ጊዜ አላወቅሁትም ነበር ብል ዋሸሁ፤ አውቀው ነበር። ግን በዚያ ዘመን ወጣት ወንድ መውደድ የሚያዋጣ አልነበረም። ዛሬ ያየሽውን ነገ ቀበሌ ጠርቶት ታጪዋለሽ። ስለዚህ እንደ ቀልድ ነበር የያዝኩት፣ እሱም እንደ ቀልድ።

በሰኔ መጨረሻ ገደማ አንድ ቀን ደብተሩን ገልጦ አነበበልኝ። ራጅ የሚረጩ ኮከቦች እንዳሉ፣ አየሩ ስለሚያስቀረው ከምድር ሆኖ ማየት እንደማይቻል፣ መሣሪያው በሮኬት ከአየር በላይ መውጣት እንዳለበት ነገረኝ። ከዚያ ያ በጋላክሲው ወገብ ላይ ያለው ብርሃን መጣ።

"ጋዝ ነው የሚሉ አሉ፤ የማይለዩ ኮከቦች ናቸው የሚሉም አሉ። አንቺ የራጅ ሰው ነሽ፣ ምን ትያለሽ?"

"ጭጋግ ነዋ!" አልኩት በቆሎዬን እየፈለፈልኩ። "ፊልማቸው አርጅቶባቸው ነው።"

እስኪያስለው ሳቀ። "ይሄን ያህል የጋለ ጋዝ ቢሆንማ በኖ ባለቀ ነበር፤ ጋላክሲው አይችለውም ይላል እዚህ። ደግሞ እኔ ሸማኔ ነኝ። ጋቢ ከሩቅ ስታይው ነጭ ነው፤ ቀርበሽ ስታይው ክር ነው። ነጭ የሚባል ነገር የለም ጽጌ፣ ያለው ክር ነው።"

"ጭጋግ ነው አልኩህ።"

"እንወራረድ?"

"በምን?"

"እኔ ከተረታሁ አባባ ጋቢ ይሠራልሻል። አንቺ ከተረታሽ ቆመሽ፣ ሰው እየሰማ፣ 'ተረታሁ' ትያለሽ።"

"እሱማ ከጋቢ ይከብዳል።"

"ስለማውቅሽ ነው የመረጥኩት" አለኝ። እጅ ለእጅ ተመታታን። ያ እጁ ትኩስ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ትኩስ ነበር። ይህንንም ያስተዋልኩት ከሆነ በኋላ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱ ወጣቶች ምልመላ ተጀመረ። ቀበሌዎቹ ልጆቹን ሰብስበው ለምርመራ ወደኛ ይልኩ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግቢያችን ሞልቶ ደረስኩ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ልጆቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው በረንዳው ላይ ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው ታደሰን አየሁት። እሱም አየኝና ደረቱን እየመታ "ዛሬ ደግሞ በነጻ ልታዪኝ ነው!" አለ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

ሳንባው የታመመ ይመለሳል፤ ደንቡ እንዲያ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊልም የአንድ ልጅ መሄድ ወይም መቅረት ነበር። ይህን አውቃለሁ። ግን ሲበዛ ማወቅም ይደነዝዛል። ከገንዳ ወደ ገንዳ አመላልሳለሁ፣ አንጠለጥላለሁ፣ ቀጣዩን እቀበላለሁ። እኩለ ቀን ላይ እጄ የኔ መሆኑን ረስቼ ነበር። የታደሰ ፊልም መቼ እንዳለፈ እንኳ የማስታውሰው በቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩን አስቀድሜ በዓይኔ ይዤው ነበርና። ከገንዳው ሳወጣው ሁለቱም ሳንባው ግራጫ ነው። ለአንድ አፍታ ቆም አልኩ። ያቺን አፍታ ማንም አላየብኝም፤ እኔ ግን ነበርኩባት። ደጋግሞ ማንሣት ፊልም ማባከን ነው ተብዬ በዚያው ወር ተግሣጽ ደርሶኛል። ከበስተፊቱም ከኋላውም ያለው ፊልም ግራጫ ነው። አሳልፌ ሰጠሁት።

"ጽጌ! ይሄ ምንድን ነው?"

"ጭጋግ ነው! ፊልሙ ነው!"

አቶ ግርማ "ደህና" ብሎ ጻፈ። ታደሰ ሸሚዙን እየቆለፈ በጨለማ ክፍሉ በር በኩል ሲያልፍ አንኳኳ። "ጽጌ፣ ውርርዱ እንዳለ ነው" አለኝ። እጄ ፊልም ይዞ ስለነበር በሩን አልከፈትኩለትም። ረቡዕ ጠዋት መኪናዎቹ ጫኗቸው።

ሐሙስ ዕለት ለሐኪሙ የማቀርባቸውን ፊልሞች በየፖስታቸው ሳስገባ የሱን አነሣሁ። ደርቋል። ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጥታ ነበርና ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። ጭጋግ ቢሆን ኖሮ ፊልሙን በሙሉ ያገረጣው ነበር፤ ከትከሻው በላይ፣ ከአካሉ ውጭ ያለውን ጥቁር ጭምር። ያ ጥቁር ግን ጥርት ብሎ ጥቁር ነው። ግራጫው ያለው ሳንባው ውስጥ ብቻ ነው። ሥራውን በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት ነገር ነው። ቀረብ አድርጌ ሳየው ግራጫውም ግራጫ አልነበረም። ነጠብጣብ ነው፤ ጤፍ የሚያካክል፣ እልፍ አእላፍ ነጠብጣብ፣ ከላይ እስከ ታች።

ሐኪሙ ፊልሙን ከእጄ ተቀብሎ ብዙም አላየውም። "በደም የተሰራጨ ሳንባ ነቀርሳ ነው። ቶሎ መድኃኒት ከጀመረ ይድናል፤ ካልጀመረ አይቆይም። ልጁ የት አለ?" አለ።

"ትናንት ሄዷል" አለ አቶ ግርማ።

"ማነው ይሄን ደህና ብሎ ያሳለፈው?"

አቶ ግርማ እኔን አየኝ። ረዥም አልቆየም፤ ወደ ሐኪሙ ዞሮ "ቸኩዬ ነው ዶክተር" አለ። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ያን ዝምታ እስከዛሬ ይዤው አለሁ።

ሐኪሙ ደብዳቤ ጻፈ። እኔ ይዤው ሽሮ ሜዳ ወረድኩ፤ ጋሽ ወልዴን ከጉድጓዱ አስወጥቼ አብረን ቀበሌ ሄድን። ቀበሌው የበላዩ ወደሆነው ከፍተኛ፣ ከፍተኛው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት መራን። ማኅተም የያዘው ሰው የለም፣ ነገ፣ ከሰዓት፣ ሰኞ። ሳምንት ሙሉ በጭቃ ተመላለስን። ጋሽ ወልዴ ትንሽ ሰውዬ ናቸው፤ በሄድንበት ሁሉ ኮፍያቸውን አውልቀው በረንዳ ላይ ይቆማሉ፣ የምናገረው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ደብዳቤው ሄደ ተባልን። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ይሁን ከደረሰ በኋላ አላውቅም፣ መስከረም ጠብቶ የቀበሌው ሰዎች ጋሽ ወልዴ ቤት መጡ። ታደሰ ማሠልጠኛው አጠገብ ካለ ሆስፒታል ገብቶ እዚያው አርፏል።

ሲነገረኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። ምንም አልተሰማኝም። የቀረኝን ፊልም አጥቤ ጨረስኩ፣ ገንዳዎቹን ከደንኩ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት ሄጄ ሰው ሲያለቅስ አየሁ። እናቴ "አልቅሺ እንጂ ልጄ" ብላኛለች። ከየት ላምጣው? በቀጣዮቹ ዓመታት ስንትና ስንት የጎረቤት ልጅ ሄዶ ቀረ፣ እኔ ሁሉንም ለቅሶ ደርሻለሁ፣ በየለቅሶው ውሃ አቅርቤአለሁ፣ ሰው ጠንካራ ሴት ብሎኛል። ጥንካሬ አልነበረም። የቧንቧው ውሃ ውስጥ ቆይቶ የደነዘዘው እጄ ነበር።

የአርባው ዕለት ጋሽ ወልዴ ጠርተው ጓዳ አስገቡኝ። ሰባት ዓመት የሚሆናት ትንሿ ልጃቸው አበበች የጋቢያቸውን ጫፍ ይዛ ቆማለች። አዲስ ጋቢ እጄ ላይ አኖሩልኝ።

"ለልጄ ስትሮጪ ጫማሽ ሲያልቅ አይቻለሁ። ሌላ የምሰጥሽ የለኝም" አሉኝ።

ስለ ውርርዱ አያውቁም። ጋቢ የረቺ ድርሻ መሆኑን አያውቁም። "ጭጋግ ነው" ያልኩት እኔ መሆኔንም አያውቁም። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀብዬ ወጣሁ። ያን ጋቢ አንድ ቀን አልለበስኩትም። የታደሰን ፊልም አሮጌ ፊልም ሲወገድ ደብቄ አወጣሁትና ከጋቢው ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ጋሽ ወልዴ ሞቱ፣ አቶ ግርማም ሞተ። አበበች አድጋ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ከፈተች፤ እኔ በዚያ ሳልፍ ማዶውን ይዤ ነበር የምሄደው።

ሕሊና እሑድ ከሄደች በኋላ ሣጥኑን ከፈትኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጋቢውንም ፊልሙንም በፌስታል ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ሁሉ አስፋልትና ፎቅ ሆኗል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ግን ያው ነው። አበበች ከሱቋ ደጃፍ ላይ ለአንዲት ገዢ የነጠላ ጥለት ታሳያለች።

"እትዬ ጽጌ! ምን እግር ጣለዎት? ይቀመጡ እንጂ።"

"አልቀመጥም፤ ቆሜ ነው የምናገረው" አልኳት። ገዢዋ ልውጣ ስትል "አይ፣ አንቺም ስሚ" አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፊልሙን፣ ቆም ያልኩባትን አፍታ፣ አቶ ግርማን፣ ጋቢውን። ሲያልቅ "ተረታሁ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

አበበች ይቅር አላለችኝም፤ አልረገመችኝምም። ጋቢውን ስዘረጋላት እጇን አልሰጠችኝም፤ "አባባ የሠራው ለእርስዎ ነው፣ ይልበሱት፣ ብርድ ነው" አለችኝ። ከዚያ ፊልሙን አንሥታ ወደ በሩ ብርሃን ያዘችው። ገልብጣ ነበር የያዘችው፤ አቀናሁላት። ያ የሰማዩ መሣሪያ አንዲት ቦታ ላይ ለብዙ ቀን ዓይኑን ተክሎ እንዳየ ሕሊና ነግራኝ የለ? እኔ ያኔ የተጠየቅሁት አንድ ደቂቃ ነበር።

"ይሄ እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

"እኔ መልኩን አላስታውሰውም። ትዝ የሚለኝ ሳሉ ብቻ ነው" አለች። ፊልሙን ከብርሃኑ አላወረደችውም። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

"ልቡ የቱ ጋ ነው?"

በጣቴ አሳየኋት። የፊልሙ ቅዝቃዜ ጣቴ ላይ ተሰማኝ።